የክልል ምክር ቤት ተመራጭ አገልግሎት በጎንደር፦ ለየትኛው ጉዳይ ይጠቅማል፣ ለየትኛው አይጠቅምም

ጎንደር ላይ ውሃ በፈረቃ ሲጠፋ፣ ዲች ሲደፈን፣ የይዞታ ፋይል መዝገብ ቤት ውስጥ ሲሰወር፣ ሰው መጀመሪያ ቀበሌ ይመላለሳል፤ ከዚያ ክፍለ ከተማ ደጅ ይጠናል። የክልል ምክር ቤት ተመራጩ ትዝ የሚለው ሁሉም ነገር ከሰለቸው በኋላ ነው። ይህ ግምገማ የሚመዝነው ተመራጩ ለመራጩ የሚሰጠውን አገልግሎት ነው። አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ ወጪው የጽሕፈት፣ የኮፒና የትራንስፖርት ብቻ ነው። «ለተመራጩ አደርስልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ አትክፈሉ።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ተመራጭ ጉዳይ አይፈጽምም፣ መልስ ያስመጣል። በእጁ በጀት የለም፣ ካርታ አይፈርምም፣ ቧንቧ አያስቀጥልም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 መሠረት የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው፤ ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል። የአንድ አባል ጉልበት ያለው ጥያቄው ላይ ነው። አንድ ቢሮ ለባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ማለት አይከብደውም፤ የምክር ቤት አባል በጽሑፍ ሲጠይቀው ግን ቀን ያለበት መልስ መስጠት ይኖርበታል። ከዚህ አገልግሎት ሊገኝ የሚችለው ትልቁ ነገር ያ ወረቀት ነው። ይህን አውቆ የሄደ ይጠቀማል፤ «ስልክ ይደውልልኝ» ብሎ የሄደ ግን ቅር ብሎት ይመለሳል።

ብዙ አቤቱታ የሚበላሸው ገና ከመነሻው ነው፤ የተሳሳተ በር ይንኳኳል። ቴሌና ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና መንገዶች የፌዴራል ናቸው (አንቀጽ 51)። መብራትም የፌዴራል ድርጅት ነው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ተጠሪነቱ ለፌዴራል ነው። ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ ይሰጣል ተብሎ ለዓመታት ሲጓተት የቆየው የመገጭ ግድብም ቢሆን የፌዴራል ፕሮጀክት ስለሆነ፣ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተመራጭ ነው። የቧንቧው ፈረቃ፣ የመስመሩ ፍንዳታና የቆጣሪው ጉዳይ ግን እዚሁ ከተማው ውስጥ ነው። «የጎንደር ውሃ» ተብሎ ሁለቱ በአንድ ማመልከቻ ሲጻፉ፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ትቶ ለሌላው ይገፋዋል። ለየብቻ ጻፏቸው። በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ደግሞ ጭራሽ አይቅረብ፤ ዳኛ ከማንም ተጽዕኖ ነፃ ነው (አንቀጽ 79)፤ ጠንቃቃ ተመራጭም እጁን አያስገባም። ዘመድ ለማስቀጠር፣ ዝውውር ለማስፈጸም ወይም ቦታ ለማሰጠት መሄድም ተመራጩን ማሳሳት ነው።

ሌላው ስህተት የአካባቢ ለውጥን አለማየት ነው። ሰሜን ጎንደር ለሦስት ዞን ከተከፈለ ወዲህ የደባርቅ ጉዳይ መቀመጫው ደባርቅ፣ የመተማ ጉዳይ ደግሞ ገንዳ ውሃ ነው። ዛሬም ከሩቅ ወረዳ ጎንደር ድረስ መጥቶ፣ አልጋ ይዞ፣ ሁለት ቀን ተንከራቶ «የእኛ አይደለም» የሚባል ሰው አለ። ከመነሳት በፊት ስልክ መደወል ይህን ሁሉ ያድናል።

ተመራጩን ለማግኘት ቀበሌ ወይም የከተማው ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ስሙንና ስልኩን መጠየቅ ነው። አማራ ክልል በተወካዮች ምክር ቤት 138 ወንበር ሲኖረው የክልሉ ምክር ቤት ግን 294 ወንበር ነው፤ ስለዚህ አንድ አካባቢ ከአንድ በላይ የክልል ተመራጭ ሊኖረው ይችላል። አንዱ ስልክ ካላነሳ ሌላውን ሞክሩ። ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ ቢጠሩ ይሻላል፤ ማን እንደተቀበለና ማን እንዳልተቀበለ ይታወቃል።

ማመልከቻው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ውጤቱ በአብዛኛው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። «በሰፈራችን የመልካም አስተዳደር ችግር ስላለ አስቸኳይ መፍትሔ እንዲሰጠን» የሚል ወረቀት ለማንም አይመራም፤ የሚመራው ሰው የትኛው ቢሮ እንደሚመለከተው አያውቅማ። ይልቅ እንዲህ ይጻፍ፦ «ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ወፍጮ ቤቱ ያለው 120 ሜትር ዲች ከሐምሌ ጀምሮ በደለል ተደፍኗል። ጎርፉ 14 ቤቶች ይገባል። ጥቅምት 6 ቀን ለክፍለ ከተማው አመልክተናል፤ ገቢ ቁጥሩ ተያይዟል። መቼ እንደሚጠረግ እስከ መጋቢት 30 በጽሑፍ እንዲገለጽልን።» ቦታው፣ ርዝመቱ፣ የተጎዳው ሰው፣ ቀድሞ የተጠየቀው ቢሮና የመልሱ ቀን ሁሉም አሉበት። ከአንድ ገጽ አይለፍ።

አባሪው የቀድሞው ማመልከቻ ኮፒ፣ ቀን ያለበት ፎቶ፣ የነዋሪዎች ስም ከቤት ቁጥርና ከፊርማ ጋር፣ እንዲሁም የሦስት ተወካዮች ስልክ ነው። የፊርማው ወረቀት ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፦ ጉዳዩ የሚጻፈው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ ቀጣዮቹ ገጾች ባዶ ስምና ፊርማ ይሆናሉ። አንድ ሰው «ለሌላ ጉዳይ የተፈረመ ነው» ቢል ማስረጃው ይፈርሳል። በእያንዳንዱ የፊርማ ገጽ ራስጌ ላይ ጉዳዩን በአንድ መስመር ድገሙት። ሦስት ኮፒ ይዘጋጅ፦ አንዱ ለተመራጩ፣ አንዱ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት፣ ሦስተኛው ገቢ ቁጥርና ማኅተም ተመትቶበት በእናንተ እጅ ይቅር። ግልባጭ አታብዙ። ስምንት ቦታ ግልባጭ የተደረገ ደብዳቤ ስምንቱንም «ሌላው ይመልሰዋል» ያሰኛቸዋል።

ጊዜም ያስፈልጋል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሰኔ ላይ የሚገባ የገንዘብ ጥያቄ ዕቅድ ካለቀ በኋላ የደረሰ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ወቅት ይሻላል፤ የጥምቀትን ሰሞን ግን ተዉት፤ ያኔ የከተማው ጽሕፈት ቤቶች ሐሳብ ሁሉ በዓሉ ላይ ነው። የምክር ቤቱ መቀመጫ ባሕር ዳር ነው፤ ከጎንደር በመንገድ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት መንገዱ አስተማማኝ ስላልሆነ፣ ጉዳዩን በሰው ከመላክ ይልቅ እዚሁ ለተመራጩ ማስረከብ ይመረጣል።

የአገልግሎቱ ትልቁ ጉድለት ከተመራጩ የፖለቲካ ጉዞ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙው አባል ሌላ መደበኛ ሥራ አለው፤ ከባዱ ደግሞ ያ ሥራ የአስፈጻሚ ሹመት ሲሆን ነው። የሚቆጣጠረውን መሥሪያ ቤት ራሱ የሚመራ ሰው የመራጩን ጥያቄ ለማን ያቀርባል? ጎበዝ የተባለ ተመራጭ ወዲያው ወደ ላይ ይሳባል፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትንም የሚመርጠው ይኸው የክልል ምክር ቤት ነው። አቶ አገኘሁ ተሻገር ከክልሉ ርዕሰ መስተዳድርነት በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤነት ያለፉበት መንገድ የታወቀ ነው። ለሰውየው እድገት ነው፤ ለሰፈሩ ግን የጀመረው ፋይል ተረካቢ ማጣቱ ነው። ስለዚህ በዕጩነት ሲመጡ «የትኛው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ትሠራለህ? ሹመት ቢሰጥህ የእኛን ጉዳይ ማን ይይዛል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው።

በጋራ ለሆነ፣ ድንበሩ ለታወቀና ወረቀቱ ለተሟላ ጉዳይ አገልግሎቱ ከአምስት ሦስት ይገባዋል፤ ለግል ጉዳይ አንድ። የመራጭና ተመራጭ ውይይት ላይ በቃል የሚሰጥ ተስፋ አይቆጠርም፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ተስፋው ቃለ ጉባኤ ላይ መስፈሩን አረጋግጡ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያው አጀንዳ ያለፈው ቃለ ጉባኤ መልስ እንዲሆን አሳስቡ። መልስ አምጥቶ የመጣ ተመራጭ ምንም እንኳ መልሱ «አልተቻለም» ቢሆን ሥራውን ሠርቷል፤ ሊመሰገንም ይገባዋል። በተከታታይ ባዶ እጁን የሚመጣውን በተመለከተ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል፤ ዝርዝሩ በሕግ የሚወሰን ነው። አስተዳደራዊ በደል ከሆነ ደግሞ ማኅተም ያለበትን ኮፒ ይዞ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ይቻላል።

ቋሚ ኮሚቴ ለመስክ ምልከታ ከመጣ ጽሕፈት ቤት ውስጥ በሪፖርት እንዳያልቅ ተወካዮቻችሁ አስቀድመው ቦታው ላይ ይገኙ። ከዲቹ አፍ ሳይሆን ጎርፉ ቤት ከሚገባበት ከታችኛው ጫፍ ጀምሩ፤ ግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበትን የጭቃ መስመር አሳዩ፤ ኮፒውንም ያኔ አውጡ።