ከምዘናው የሚያስጀምር የምዕራፍ ማቀጃ ደብተር

ይህን የምዕራፍ ማቀጃ ደብተር የገመገምኩት ገጾቹን በማገላበጥ ሳይሆን፣ ስለ ክፍልፋዮች መደመርና መቀነስ የሚያስተምር የ12 ክፍለ ጊዜ ምዕራፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አቅጄበትና አስተምሬበት ነው። ከዚያ በፊት የማቅደው የመማሪያ መጽሐፉን ገጾች ላሉት ክፍለ ጊዜዎች በማከፋፈል ነበር፤ እንዲህ ያለው ዕቅድ ምዕራፉ በጊዜው ማለቁን እንጂ ተማሪዎቹ ምን መሥራት እንደቻሉ አያሳይም።

ደብተሩ በቅድሚያ ግብንና ዝርዝር ዓላማን ይለያል። ለግቡ የተተወለት ቦታ ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ ይህ ጥበት ተገቢ ይመስለኛል፤ ምዕራፉ ካለቀ ከረጅም ጊዜ በኋላም ከተማሪው ጋር ሊቆይ የሚገባውን አንድ ግንዛቤ መርጦ መጻፍን ግድ ይላል። የእኔ ግብ «ተማሪዎች ክፍልፋዮችን መደመርና መቀነስ የሚቻለው ሁሉም በእኩል ቁራሽ ሲለኩ መሆኑን ይረዳሉ» የሚል ነበር። «ይረዳሉ» ለግብ ይስማማል፤ ለዝርዝር ዓላማ ግን አይበቃም፤ መረዳት በዓይን አይታይምና። እዚህ ላይ ደብተሩ የሚከተለው የትምህርት ባለሙያው ሮበርት ሜገር እ.ኤ.አ. በ1962 ያቀረበውን መመዘኛ ነው፤ ዝርዝር ዓላማ ተማሪው የሚያደርገውን፣ የሚያደርግበትን ሁኔታና የሚጠበቅበትን የብቃት ደረጃ አሟልቶ መያዝ አለበት። በዚህ መሠረት «ክፍልፋዮችን መደመር ያውቃሉ» ብዬ የጀመርኩት ዓረፍተ ነገር «ተማሪው ታህታቸው የተለያየ ሁለት ክፍልፋዮችን ያለ ሒሳብ ማሽን በመደመር ከ10 ጥያቄዎች ቢያንስ 8ቱን በትክክል ይሠራል» ወደሚል ተለወጠ። ይህን ዓላማ ግን ስልቱን በቃሉ የያዘ ተማሪም ሊያሟላው ስለሚችል፣ «ታህቶቹ አንድ መሆን ያለባቸው ለምን እንደሆነ በሥዕል ያስረዳል» የሚል ሁለተኛ ዓላማ ጨመርኩበት።

የደብተሩ ትልቁ ብልጫ የገጾቹ ቅደም ተከተል ነው። የሥርዓተ ትምህርት ምሁሩ ራልፍ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1949 ለሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት ባስቀመጣቸው አራት ጥያቄዎች ውስጥ የምዘናው ጥያቄ የመጨረሻው ነበር። የትምህርት ባለሙያዎቹ ግራንት ዊጊንስና ጄይ ማክታይ እ.ኤ.አ. በ1998 ያስፋፉት ወደ ኋላ የማቀድ (ከሚፈለገው ውጤት ተነስቶ የማቀድ) ዘዴ ግን ምዘናውን ከዓላማው ቀጥሎ፣ ከተግባራቱ በፊት አስቀመጠው፤ ደብተሩም ይህንኑ ይከተላል። ከሦስት ዓመት በላይ ስሠራበት የቆየሁትንና ተማሪዎች የሚወዱትን፣ ክፍልፋዮችን በቀለም የመቀባት ሥራ ለማስገባት ብዬ ገጹን ስገልጥ በመጀመሪያ የጠየቀኝ ተማሪዎቹ ዓላማውን መድረሳቸውን በምን እንደማውቅ ነበር። ስለዚህ በቅድሚያ ይህን ጥያቄ ጻፍኩ፦ «አንድ ተማሪ አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ ሲደመሩ ሁለት አምስተኛ ይሆናሉ ብሏል፤ መልሱ ሊሆን እንደማይችል ሳትደምር አስረዳ።» ሁለት አምስተኛ ከአንድ ሁለተኛ ያንሳል፤ ድምሩ ከተደማሪው ሊያንስ ስለማይችል መልሱ ስህተት ነው። ይህን የሚጠይቅ ምዘና ከተቀመጠ በኋላ ቀለም መቀባቱ ወዴትም እንደማያደርስ ግልጽ ሆነልኝና እያዘንኩም ቢሆን አወጣሁት። በምትኩ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀመጡ ተማሪዎች እኩል ርዝመት ያላቸውን ሦስት የወረቀት ቁራጮች አንዱን ለሁለት፣ አንዱን ለሦስት፣ አንዱን ለስድስት እኩል ቦታ እያጠፉ፣ አንድ ሁለተኛ ሦስት ስድስተኛ፣ አንድ ሦስተኛ ደግሞ ሁለት ስድስተኛ መሆኑን በእጃቸው እንዲያገኙ አደረግኩ። አምስት ስድስተኛን ራሳቸው ደረሱበት፤ ሰሌዳው ላይ አንድም ስልት ገና አልተጻፈም ነበር።

የተግባራት ገጹ መምህሩ የሚያደርገውንና ተማሪው የሚያደርገውን በሁለት ዓምድ ከፍሎ ያስቀምጣል። የመጀመሪያ ረቂቄን መልሼ ሳነበው በተማሪው ዓምድ ውስጥ ስድስት ጊዜ «ያዳምጣል» የሚል ቃል አገኘሁ፤ አራቱን ለወጥኳቸው።

ጉድለቶቹም ቀላል አይደሉም። በደብተሩ መጨረሻ ያለው፣ ዓላማ ለመጻፍ የሚያገለግሉ ግሦች ሠንጠረዥ የትምህርት ሥነ ልቦና ምሁሩ ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጡትን ስድስት የአእምሮ ክህሎት ደረጃዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ተሻሽሎ «መፍጠር» ላይኛው ደረጃ ላይ በተቀመጠበት መልኩ ያቀርባል። ችግሩ እያንዳንዱን ግሥ ለአንድ ደረጃ ብቻ መስጠቱ ነው። «ግለጽ» የሚለው ትእዛዝ በቃል የተያዘን ትርጉም መድገምም፣ ያልታየን ነገር በራስ አባባል ማብራራትም ሊሆን ይችላል፤ ደረጃውን የሚወስነው ጥያቄው እንጂ ግሡ አይደለም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ለእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ከስድስቱም ደረጃዎች ዓላማ እንዲጻፍ ቦታ መተዉ ነው። በ40 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ዓላማ በአግባቡ ከተሠራ ብዙ ነው፤ ስድስቱን ሣጥኖች ለመሙላት የሚጽፍ መምህር ሊያስተምረው የማይችለውን ነገር ያቅዳል።

በእኔ ላይ የበለጠ ጉዳት ያደረሰው ግን ለቅድመ ዕውቀት መፈተሻ፣ ማለትም ተማሪዎቹ ከምዕራፉ በፊት የሚያውቁትን ለማየት፣ የተሰጠው ቦታ ነው። ይህ ገጽ ከመጨረሻዎቹ ገጾች አንዱ በመሆኑ የሞላሁት የክፍለ ጊዜዎቹን ሥራ ከደለደልኩ በኋላ፣ ያውም በግምት ነበር። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ብዙዎቹ ተማሪዎች የሁለት ቁጥሮችን የጋራ ብዜት ማግኘት እንደማይችሉ ታወቀ፤ የሰዓት ድልድሉም መጠባበቂያ ስለሌለው በ12 ክፍለ ጊዜ የታቀደው ምዕራፍ በ14 አለቀ።

ወረቀቱ ጠንካራ ነው፤ ዓምዶቹ ግን በእጅ ለሚጽፍ ሰው ይጠባሉ።

ለጀማሪ መምህር ደብተሩን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ የግሦቹን ሠንጠረዥ ግን ልምድ ካለው ባልደረባ ጋር ቢያነበው ይሻላል። ዓላማ መጻፍ የለመደ መምህር ከዚህ ደብተር የሚያገኘው የገጾቹን ቅደም ተከተል ነው፤ ይህን በማንኛውም ባዶ ደብተር ላይ ሊሠራው ይችላል። የሚቀጥለውን ምዕራፍ በዚሁ እያቀድኩ ነው፤ የቅድመ ዕውቀት ገጹን ከመጨረሻ ገንጥዬ ከፊት አያይዤዋለሁ፤ ከ10ሩ ክፍለ ጊዜዎችም አንዱን ባዶ ትቻለሁ።