«800 ክላሲክ ፊልም በፎርኬ» የሚባለውን ሀርድ ዲስክ እንዳትገዙ

ሰላም ወገን። ሰሞኑን በየቴሌግራሙ የሚዞር ማስታወቂያ አለ። «800 የድሮ ክላሲክ ፊልሞች፣ ሁሉም በፎርኬ ጥራት፣ 1 ቴራ ሀርድ ዲስክ ላይ ተጭኖ ቤትዎ ድረስ እናደርሳለን» ይላል። (ፎርኬ ማለት 4K የሚባለው በጣም ጥርት ያለ የምስል ጥራት ነው።) እኛ ቤት ደርሷል። ሰክተን አይተነዋል። አትግዙት።

ትንሽ ይረዝማል፣ ግን ብር ከማውጣታችሁ በፊት ብታነቡት ይሻላል። እኔ የፊልም ባለሙያ ምናምን አይደለሁም። ቅዳሜ ማታ ከአባቴ ጋር ሶፋ ላይ ተጋድሜ የድሮ ፊልም የማይ ተራ ተመልካች ነኝ። አባቴ ግን የቪዲዮ ቤት ዘመን ሰው ነው። ካሴት ተከራይቶ፣ ሳያጠነጥን መልሶ ቅጣት የከፈለ ትውልድ። ሀርድ ዲስኩም ለእሱ ተብሎ ነው የተገዛው፣ እኔ ደግሞ ኮምፒውተር የሚነካካው የቤቱ ልጅ ስለሆንኩ ምርመራው እኔ ላይ ወደቀ።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንይ። 1 ቴራ ማለት 1000 ጊጋ ነው። ለ800 ፊልም ሲካፈል ለአንዱ 1 ጊጋ ከምናምን ይደርሰዋል። ትክክለኛ ፎርኬ ፊልም የሚሸጥባቸው ዲስኮች 66 ወይም 100 ጊጋ የሚይዙ ናቸው። እሱ ይቅር፣ ኔትፍሊክስ ራሱ በፎርኬ ሲታይ በሰዓት እስከ 7 ጊጋ ይበላል። ስለዚህ የሁለት ሰዓት ፊልም 14 ጊጋ ገደማ በሉት። እንደዛ ከሆነ 1 ቴራ ላይ የሚገባው 70 ፊልም ገደማ ነው። 800 ፎርኬ ፊልም እዛ ውስጥ ሊኖር አይችልም፣ በምንም ተአምር።

ታዲያ ምንድን ነው የተሸጠልን? ድሮ ለዲቪዲ የተዘጋጀ፣ ወይም ከቴሌቪዥን የተቀዳ ፊልም በሶፍትዌር ተለጥጦ ፎርኬ የሚል ስም ተሰጥቶታል። ፋይሉን ስትከፍቱ የምስሉ መጠን እውነትም 3840 በ2160 ይላል፣ የፎርኬ ቁጥር ነው። ጥራቱ ግን የለም። ሶፍትዌሩ የፊልሙን ጥቃቅን ነጠብጣብ «ቆሻሻ» ብሎ ስለሚጠርገው የተዋናዮቹ ፊት የሰም ጧፍ መስሎ ቁጭ ይላል። ሽበት የለ፣ ላብ የለ፣ መጨማደድ የለ።

ይሄን ለሻጩ ስንነግረው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አለቃ፣ የድሮ ፊልም ስለሆነኮ ነው!»

እዚህ ጋ ነው ጨዋታው ያለው። ይቺ መልስ ትሰራለች፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የድሮ ፊልም ማለት የደበዘዘ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ድምፁ የሚያፏጭ ነገር ነው ብሎ ያምናል። ውሸት ነው። እነዚህ ፊልሞች የተቀረጹት በ35 ሚሊሜትር የፊልም ጥቅል ነው። ጥቅሉ በደንብ ተጠብቆ በደንብ ከተገለበጠ የ1940ዎቹ ጥቁርና ነጭ ፊልም ትናንት ከተሰራ ተከታታይ ድራማ በላይ ጥርት ብሎ ይታያል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) የደበዘዘው ቅጂው ነው፣ ፊልሙ ምን አደረገ?

አሁን ወደ ፊልሞቹ።

አባቴ መጀመሪያ የከፈተው «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዘ አግሊ»ን ነው። የ1966 ነው። መጨረሻ ላይ መቃብር ስፍራው መሀል ሦስት ሰዎች ክብ ሰርተው ይፋጠጣሉ። ክሊንት ኢስትዉድ፣ ሊ ቫን ክሊፍና ኢላይ ዋላክ። ማንም ምንም አይናገርም። የሞሪኮኔ ሙዚቃ እየጨመረ፣ እየጨመረ፣ ካሜራው ከእጅ ወደ ዓይን፣ ከዓይን ወደ ሽጉጥ ይመላለሳል። ለእኔ ከዚህ የተሻለ የፊልም መጨረሻ የለም፣ ተከራከሩኝ። ይህ ፊልም የተቀረጸው በጣም ሰፊ አድርጎ ነው፤ ቴሌቪዥን ላይ ሲታይ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር መኖር አለበት። እነሱ ግን «ጥቁሩ መስመር ደንበኛ አይወድም» ብለው ስክሪኑን እንዲሞላ አሳድገውታል። ሲያድግ ደግሞ ከግራና ከቀኝ ሩብ ያህሉ ተቆርጦ ይወድቃል። እና ያ ሁሉ ሙዚቃ፣ ያ ሁሉ ጭንቀት፣ ሦስቱም አንድ ላይ መታየት ያለባቸው ቦታ ላይ ስንደርስ ሁለት ሰው ብቻ ቆሟል። አባቴ መነጽሩን አስተካክሎ «ሦስተኛውስ የት ሄደ?» አለ። ሦስተኛው ከቴሌቪዥኑ ውጪ ነበር።

ከዛ «12 አንግሪ ሜን»፣ የ1957። አንድ ክፍል፣ አሥራ ሁለት ዳኛ ተደርገው የተመረጡ ተራ ሰዎች፣ የሚያቃጥል ቀን። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሄንሪ ፎንዳ ነው። እኔ ግን ፊልሙን የተሸከመው ሊ ጄ ኮብ ነው ባይ ነኝ፣ ያ ከልጁ ጋር የተጣላው ቁጡ ሰውዬ። ፎንዳ ትንሽ ጻድቅ ይበዛበታል። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ሉሜት እዚህ ፊልም ላይ አንድ ነገር አድርጓል፦ መጀመሪያ ካሜራው ከሰዎቹ ዓይን ከፍ ብሎ ይቆማል፣ መሀል ላይ ወደ ዓይናቸው ልክ ይወርዳል፣ ወደ መጨረሻ ከዓይናቸው በታች ሆኖ ያያቸዋል። እናም ጣሪያው መታየት ይጀምራል፣ ክፍሉ እላያችሁ ላይ የሚወርድ ይመስላችኋል። ይሄን ሳታስተውሉት ትጨነቃላችሁ። እኛ የደረሰን ቅጂ ላይ ምስሉ ከላይ ስለተቆረጠ ጣሪያ ብሎ ነገር የለም። ግንባር የሌላቸው ሰዎች ሲጯጯሁ ነው የምታዩት።

«ካዛብላንካ» ቀለም ተቀብቶ ነው የመጣው። የ1942 ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ቀለም የተቀባው ቅጂ አሜሪካ ውስጥ በ1988 በቴሌቪዥን ሲታይ ብዙ ንትርክ አስነስቶ ነበር፣ የፊልም ሰዎች እሪ ብለው። ትክክል ነበሩ። እኛ ጋ የዋናው ተዋናይ የቦጋርት ነጭ ኮት ወደ ሮዝ ይነካል፣ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ቀለሙ ከኋላው እየተንጠባጠበ ይከተለዋል። ፊልሙ ራሱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያው ላይ ወሬ ይበዛዋል። ግን ጀርመኖቹ ሲዘፍኑ ቡና ቤቱ በሙሉ ተነስቶ የፈረንሳይን መዝሙር የሚያስተጋባበት ቦታ አለ። እዛ ፊልም ላይ ከሰሩት ብዙዎቹ ራሳቸው ከአውሮፓ ሸሽተው የመጡ ስደተኞች ነበሩ። የሚያለቅሱት ሰዎች ለቅሷቸው የምር ይመስላል፣ ሮዝ ቢቀቡትም አልጠፋም።

የጃፓኑ «ሰቨን ሳሙራይ» ሙሉው 207 ደቂቃ ነው። የኛው 160 ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ድሮ ለውጭ ገበያ ተብሎ ያጠረ ቅጂ ስለነበረ እሱን አግኝተው ይሆናል። የረዘመው ይሰለቻል የምትሉ አላችሁ፣ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ የምወደው ያንን ዝግ ያለውን ክፍል ነው፣ ገበሬዎቹ የሚከላከልላቸው ተዋጊ ፍለጋ ከተማ ለከተማ የሚንከራተቱበትን። እዛ ላይ ሰዎቹን ካልተዋወቅን መጨረሻ ላይ ዝናብ ውስጥ ሲሞቱ ምናችን ይነካል?

አንድ ነገር ግን እዚህ ጋ ልጨምር፣ ሰው ያለ ጥፋቱ እንዳትወነጅሉ። ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ የአውሮፓ ቴሌቪዥን 25 ስለሆነ ድሮ እዛ የተዘጋጀ ቅጂ ትንሽ ይፈጥናል። 100 ደቂቃ የነበረው 96 ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እሱ መቆረጥ አይደለም። 207 ወደ 160 ሲወርድ ግን በፍጥነት አታሳብቡ።

ከሁሉ ያናደደን «ሾሌ» ነው። የ1975 የህንድ ፊልም፣ አሚታብ ባቻንና ዳርሜንድራ ያሉበት። እኛ አገር በህንድ ፊልም ያደገ ሰው ስለ ሽፍታው ጋባር ሲንግ አይነገረውም። ይህ ፊልም ሁለት መጨረሻ አለው። መጀመሪያ የተቀረጸው የቀድሞው ፖሊስ ታኩር ራሱ ጋባርን የሚገድልበት ነበር። የህንድ ሳንሱር የቀድሞ ፖሊስ ሕግ በእጁ መውሰድ የለበትም ስላለ ፖሊስ ደርሶ የሚያስቆምበት ሌላ መጨረሻ ተቀርጾ ነው ለሕዝብ የወጣው። አባቴ ጓደኛውን ጠርቶ፣ ቆሎ ቀርቦ፣ «የትኛው መጨረሻ ይሆን የመጣልን» እያሉ ይከራከራሉ። ሀያ ደቂቃ ሲቀረው ፊልሙ ቀጥ አለ። ፋይሉ ሲገለበጥ ተቋርጦ ነው። ሁለት መጨረሻ ያለው ፊልም ያለ አንድም መጨረሻ ተሸጠልን።

ሌላው፣ ከ800ው ውስጥ ቀላል የማይባለው በነጻ የሚገኝ ነው። የ1963ቱ «ሻሬድ» (ኦድሪ ሄፕበርንና ኬሪ ግራንት ያሉበት፣ ቀልዱም ግድያውም እኩል የሚጥም) ሲወጣ የባለመብትነት ማስታወቂያው በትክክል ስላልተጻፈበት አሜሪካ ውስጥ የማንም ንብረት አይደለም። የ1968ቱ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»ም እንደዛው ነው፣ አከፋፋዩ ርዕሱን ሲቀይር ማስታወቂያውን ሳይጽፍበት ቀረ። ባስተር ኪተን በባቡር የሚያሳድድበት የ1926ቱ «ዘ ጄኔራል»ም ጊዜው አልፎ ነጻ ነው። ኢንተርኔት አርካይቭ ገብታችሁ በስማቸው ፈልጉ፣ ዳታ ብቻ ነው የምትከፍሉት። የቀሩትማ ሻጩ ራሱ ምንም መብት የሌለው ዕቃ ነው፣ እሱን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።

ፍላሹ ደግሞ የባሰ ነው። የአክስቴ ልጅ ከሌላ ሰው «2 ቴራ ፍላሽ፣ በፊልም የተሞላ» ገዛች፣ ዋጋው የሀርድ ዲስኩን ግማሽ አይሞላም። ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ እውነትም 2 ቴራ ይላል። የፊልሞቹ ስም በሙሉ ተደርድሯል። የመጀመሪያዎቹ ይከፈታሉ፣ ከዛ በኋላ ያሉት አይከፈቱም። ውስጡ ያለው ትንሽ ቺፕ ነው፤ መጠኑን የሚናገረው ሶፍትዌር ግን እንዲዋሽ ተደርጓል። ትንሹ ቺፕ ሲሞላ የቀረው የሚጻፍበት ቦታ ስለሌለ ስሙ ብቻ ይቀራል። እሷ የልጇን የልደት ፎቶዎችም እዛው ላይ ልትገለብጥ ነበር፣ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ኤችቱቴስትደብሊው የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ባዶ ፍላሽ ላይ እስከ ጥግ ጽፎ መልሶ በማንበብ እውነተኛውን መጠን ያወጣል። ፊልም ያለበት ላይ አትሞክሩት፣ ባዶ ላይ ነው።

የግድ ልግዛ ካላችሁ ብር ሳትልኩ በፊት ቲቪ ላይ ይሰካላችሁ። ፊልሙን ከመጀመሪያው አትዩት፤ ሻጩም ከመጀመሪያው ነው የሚያሳያችሁ። ወደ መጨረሻው አምስት ደቂቃ ዝለሉ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ ኢንተርኔት ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። የፋይሉን መጠን እዩ፣ ፎርኬ ተብሎ 1 ጊጋ ከሆነ ተነሱና ሂዱ። ደግሞ ዲስኩ ፋት32 ተብሎ ፎርማት ከተደረገ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ በላይ መያዝ አይችልም፣ ስለዚህ ፎርኬ ነው የሚለው ነገር እዛው ላይ ያበቃል። የጥቁርና ነጭ ፊልም ከፍታችሁ ፊት ላይ አተኩሩ። ቆዳ ካልታያችሁ የተለጠጠ ነው። እንቅስቃሴው እንደ ቀጥታ ስርጭት ከተወለወለባችሁ ግን መጀመሪያ የራሳችሁን ቲቪ ሴቲንግ እዩት፣ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን አጥፉት፣ እሱ የሻጩ ጥፋት አይደለም።

ገንዘባችንን ስንጠይቅ «ብር አይመለስም፣ ግን ሌላ 200 ፊልም ልጨምርላችሁ» ነው የተባልነው። አባቴ ስልኩን ተቀብሎ «ልጄ፣ 200ውን ተውና የሾሌን መጨረሻ ብቻ አምጣልኝ» አለው። አላመጣም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 (ይቺ ዓመት ብቻ በኛ አቆጣጠር ናት) ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል፣ ግን ከማን እንደገዛችሁ የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋችኋል። እነዚህ ደግሞ ደረሰኝ አይቆርጡም፣ ሱቅ የላቸውም፣ የቴሌግራም ስማቸውንም ይቀያይራሉ። ቢያንስ ክፍያውን በቴሌብር ወይም በባንክ አድርጉት፣ የማስታወቂያውን ፎቶም «ፎርኬ» የሚለው ቃል እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሾት አንስታችሁ አስቀምጡ። የእኛው ማስታወቂያውን ከላከልን በኋላ ወዲያው አጥፍቶታል።