መርካቶ ዶሮ ተራ፦ ለእርባታ የሚሆን ሐበሻ ዶሮ ይገኝበታል?

ለበዓል ወጥ ከሆነ ዶሮ ተራን የሚያህል የለም። ለአዲስ እርባታ ዘር ለመምረጥ ግን ዓይንም እጅም ይፈልጋል። ገብስማው፣ ወሰራው፣ አንገተ መላጣው ሁሉ አለ፤ ችግሩ ከየአገሩ ተጭኖ አንድ ላይ መታጨቁ ነው። አንዷ ፈንግል ከያዛት ለሁሉም ታዳርሳለች፤ መከተባቸውን ማረጋገጥም ይቸግራል።

ቄብ፣ ማለትም እንቁላል መጣል ያልጀመረች ወጣት ዶሮ፣ ምረጡ። የደረት አጥንቷን ዳስሱ፤ ሥጋ ርቆት ከሾለ ከስታለች ወይም ታማለች። ክንፏን ገልጣችሁ ቅማል ፈልጉ። ከጭራዋ ሥር ያለው ላባ ኩስ ከተለጠፈበት፣ ዋጋዋ የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉአት። አውራው ከእግሩ ጀርባ ያለው ሹል ቀንድ ከረዘመ አርጅቷል። ለ10 ሴት አንድ አውራ ይበቃል። አዲሶቹን ከነባሮቹ ጋር ሳትቀላቅሉ ቢያንስ 21 ቀን ለብቻ አቆዩ፤ የተደበቀ በሽታ የሚወጣው ያኔ ነው።

ሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። እየታቀፈችና ጫጩት እያሳደገች መጣሏን ስለምታቋርጥ ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። መፈልፈያ ማሽን ለሌለው ጀማሪ ይህ ትልቅ ሀብት ነው!

እንቁላል ለመሸጥ ለሚያስብ ግን ዶሮ ተራን አንመክርም። ሆሮ የተባለውን የወለጋ ዶሮ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በመረጣ አሻሽሎታል፤ የተከተበ የሆሮ ጫጩት ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ። ኮኮክ መልኩ ገብስማ ቢመስልም የደቡብ አፍሪካ ዝርያ ነው፤ የአገር ዘር ለማቆየት የምትፈልጉ እንዳትሳሳቱ።