ለቤት የፊልም፣ የዘፈንና የፎቶ ክምችት የትኛው ያዋጣል? ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ ናስ እና ሚኒ ፒሲ በንጽጽር

ባጭሩ፦ አንድ ቲቪና አንድ ላፕቶፕ ላለው ቤት ከሁሉም የሚያዋጣው ሁለት ባለ 2 ቴራባይት ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ነው። ሦስት አራት ሰው በየስልኩና በየክፍሉ የሚያይ ከሆነ ያገለገለ ሚኒ ፒሲ (ትንሽ የጠረጴዛ ኮምፒውተር) ይጨመርበት። ናስ (ከቤት ኔትወርክ ጋር ተገናኝቶ ለሁሉም የሚያካፍል የዲስክ ሳጥን) ጥሩ ዕቃ ነው፤ ብዙ ሰው የሚገዛው ግን በተሳሳተ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ስሌቱ

ሻጭ ምንጊዜም ትልቁን ያሳያል፤ እርስዎ ያለዎትን አስቀድመው ይደምሩ። የአንድ ሰዓት የድምፅ ካሴት ሳይጨመቅ በዋቭ ሲገለበጥ 635 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በፍላክ ካስቀመጡት ከድምፁ ምንም ሳይጎድል ወደ 350 አካባቢ ይወርዳል። የሚኒ ዲቪ የሰርግ ካሴት በሰዓት 13 ጊጋባይት ይበላል፤ በስልክ በ4ኬ የተቀረጸ ቪዲዮ ደግሞ 10 ጊጋባይት ገደማ። እንግዲህ 200 ካሴት፣ 10 ሰዓት የሰርግ ቪዲዮና 30 ሰዓት የስልክ ቀረጻ ያለው ቤተሰብ ሀብቱ ሁሉ ቢደመር 500 ጊጋባይት አካባቢ ነው። ለባለ 5 ቴራባይት የተያዘው ብር ሁለት ባለ 2 ቢገዛ ይሻላል፤ ሁለተኛ ቅጂ የሌለው ክምችት ዕድሜው የአንዱ ዲስክ ዕድሜ ነው። (ባለ 2 ቴራው ዊንዶውስ ላይ 1.81 ሆኖ ቢታይ አልተጭበረበሩም፤ አቆጣጠሩ ነው የተለየው።)

ትንሹ ሃርድ ዲስክ ወይስ ባለ አዳፕተሩ ትልቁ?

ትንሹ፣ ባለ 2.5 ኢንች የሚባለው፣ ኃይል የሚያገኘው ከዩኤስቢ ገመዱ ብቻ ነው። ትልቁ፣ ባለ 3.5 ኢንች፣ የራሱ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር ይፈልጋል። ትልቁ በቴራባይት ሲሰላ ይረክሳል፤ ፍጥነቱም በሴኮንድ 200 ሜጋባይት አካባቢ ይደርሳል፣ ትንሹ ከ100 እስከ 130 ላይ ይቆማል። ይህን ብቻ ካየን ትልቁ ያሸንፋል።

መብራት በሚሄድበት ቤት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ላፕቶፕ ላይ የተሰካው ትንሹ ዲስክ መብራት ሲጠፋ ከላፕቶፑ ባትሪ እየወሰደ ኮፒውን ይጨርሳል። ትልቁ እየጻፈ ሳለ ቀጥ ይላል፤ ያ ፋይል ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ የፋይሎቹ ማውጫ ራሱ ይበላሻል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ከሌለዎት ትልቁን አይግዙ። ሌላም አደጋ አለው፦ የላፕቶፕ ቻርጀር ጫፉ ገጥሞ ሊገባበት ይችላል፤ 19 ቮልት ሲገባ ሰሌዳው ይቃጠላል። አዳፕተሩ ላይ የየትኛው ዲስክ እንደሆነ በፕላስተር ጽፈው ይለጥፉበት።

ትንሹም እንከን አለው። ብዙዎቹ የሚጽፉት ትራኮቹን እንደ ጣራ ቆርቆሮ አንዱን በአንዱ ላይ እያስነባበሩ ስለሆነ፣ ብዙ ፋይል በአንዴ ሲጫንባቸው ጥሩ ጀምረው በኋላ ያዘግማሉ። ተበላሸ ብለው ገመዱን እንዳይነቅሉ፤ ይጨርሳል። መጀመሪያ ግን ሶኬቱን ይዩ፦ 300 ጊጋባይት በዩኤስቢ 3 ሲገለበጥ ዲስኩ ካላዘገመ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፣ በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ደግሞ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ቲቪ ላይ ሰክተውት «ቀጭ… ቀጭ…» እያለ ካልተነሳ፣ የቲቪው ዩኤስቢ የሚሰጠው ኃይል አንሶት ሊሆን ስለሚችል ዲስኩ ሞተ ከማለትዎ በፊት ላፕቶፕ ላይ ይሞክሩት።

ፎርማቱን (ዲስኩ ፋይሎችን የሚያደራጅበትን ሥርዓት) በተመለከተ፦ ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ «ቦታ እያለው ፊልሙን እምቢ አለ» የሚባለው ይኸው ነው። ኤክስፋት በዊንዶውስም በማክም ይሠራል፤ መብራት ድንገት ሲቋረጥ ግን ኤንቲኤፍኤስ ይበልጥ ይቋቋማል። ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። ቤትዎ ያለው ዊንዶውስ ብቻ ከሆነ ኤንቲኤፍኤስ ያድርጉት።

ኤስኤስዲ መቼ?

ኤስኤስዲ እንደ ፍላሽ በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ዲስክ ነው። ቪዲዮ ለሚያቀናብርና ዲስክ በቦርሳ ይዞ ለሚዞር ሰው ዋጋው ይገባዋል፤ ቢወድቅም የሚሽከረከር ነገር የለውም። ፊልም ለማየት ግን ፍጥነቱ ትርፍ ነው፦ ከባድ የሚባለው የ4ኬ ፊልም እንኳ በሴኮንድ ከ12 ሜጋባይት ብዙም አይፈልግም።

ሳጥን ውስጥ ለሚቀመጥ ቅጂ ደግሞ ኤስኤስዲ አይመረጥም። መረጃውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሆነ ኃይል ሳያገኝ ሲቆይ ቀስ በቀስ ይፈሳል። ለተጠቃሚ ኤስኤስዲዎች የወጣው የኢንዱስትሪ መስፈርት፣ የመጻፍ ዕድሜውን የጨረሰ ዲስክ በ30 ዲግሪ ሙቀት ያለ ኃይል አንድ ዓመት እንዲይዝ ነው የሚጠይቀው። አዲሱ ከዚያ ይበልጣል፤ የሰርግ ቪዲዮ አስቀምጦ አምስት ዓመት ለመርሳት ግን አይታመንም።

የሐሰተኛው ነገር የባሰ ነው። «16 ቴራባይት» ተብሎ በባለ 1 ቴራ ዋጋ የሚሸጥ ኤስኤስዲም ፍላሽም ውሸት ነው። ውስጡ 64 ጊጋባይት ይኖርና ኮምፒውተሩን እንዲዋሽ ተደርጎ ይሠራል፤ ሲሞላ መጀመሪያ የገባው ላይ እየደረበ ይጽፋል። የፋይሎቹ ስም ይታያል፣ ፋይሎቹ አይከፈቱም። በዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብሊው፣ በሊኑክስና በማክ ኤፍ3 የሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ሙሉውን ጽፈው መልሰው በማንበብ ያጋልጡታል። ለባለ 64 ፍላሽ እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ስለሚችል፣ ከሻጩ ጋር «ሞክሬ ካልሆነ እመልሳለሁ» ብለው አስቀድመው ይስማሙ።

ናስ ወይስ ሚኒ ፒሲ?

ናስ ሲገዛ የሚሰማው ምክንያት «ሁለት ዲስክ ስላለው አይጠፋብኝም» የሚል ነው። በሬድ 1 (ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት ነገር በሚይዙበት አሠራር) ሁለት ባለ 4 ቴራ ዲስክ ቢያስገቡ የሚጠቀሙት 4 ቴራ ነው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ነገር ግን ልጅ ፎልደር ቢያጠፋ ከሁለቱም እኩል ይጠፋል። ቫይረስ ቢቆልፈው፣ ሌባ ቢወስደው፣ መብራት ሲመለስ ኃይሉ በዝቶ ቢያቃጥለው ሁለቱ ዲስኮች ያሉት አንድ ሳጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ ናስ የገዛም ለቅጂ የሚሆን ሦስተኛ ዲስክ መግዛቱ አይቀርም። ናስ በእውነት የሚበልጠው ሌላ ቦታ ነው፦ ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ ከዩፒኤስ ጋር በዩኤስቢ ሲገናኝ ባትሪው ከማለቁ በፊት ራሱን በሥርዓት ይዘጋል።

ሚኒ ፒሲ ሥራ ይጠይቃል፣ በተመሳሳይ ብር ግን የተሻለ ጉልበት ይሰጣል። ያገለገሉት የዴል፣ የሌኖቮና የኤችፒ ትናንሽ የቢሮ ኮምፒውተሮች ጥሩ ናቸው። የሚፈልጉት የኢንቴል 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ፣ ራም 8 ጊጋባይት ነው። ምክንያቱም አሮጌ ስልክ ወይም ቲቪ የማይከፍተውን ቪዲዮ እየታየ ሳለ ወደሚከፍተው ዓይነት ሲቀይር ሥራውን ለፕሮሰሰሩ የግራፊክስ ክፍል ይሰጣል። ርካሾቹ ናሶች እዚህ ላይ ይንተፋተፋሉ።

ሁለት ማስተካከያ አይርሱ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብተው መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ ያድርጉት። ስታብላይዘሩ የማዘግያ ቁልፍ ካለው ረጅሙ ላይ፣ ብዙ ጊዜ 180 ሴኮንድ ላይ፣ ያድርጉት፤ የመጀመሪያው የተዘበራረቀ ኃይል እስኪያልፍ ይጠብቃል። ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣልዎት ከሆነ የሚኒ ፒሲው አዳፕተር እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ችግር የለም፤ የዚያ አገር ዩፒኤስ ግን ለ120 የተሠራ ነውና አያስመጡ።

ኮዲ፣ ጄሊፊን፣ ፕሌክስ

ቲቪው ላይ አንድ ማሽን ብቻ ከተሰካ ኮዲ የሚባለው ማጫወቻ ፕሮግራም ይበቃል። ለብዙ ተመልካች ምርጫው ክምችቱን ለየስልኩና ለየቲቪው በሚያደርሱት ፕሮግራሞች፣ በጄሊፊንና በፕሌክስ መካከል ነው። ፕሌክስ መተግበሪያው የተስተካከለ ነው፤ ነገር ግን አካውንት ይጠይቃል፣ ከ2025 ጀምሮም የራስን ክምችት ከቤት ውጭ ሆኖ ማየት የሚከፈልበት ሆኗል። ጄሊፊን ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም በቤት ዋይፋይ ይሠራል። ለኛ አገር ቤት ጄሊፊን።

አንድ የሚያናድድ ነገር አለው፦ ለአማርኛ ፊልም መረጃ ፍለጋ ሄዶ የማይገናኝ የውጭ ፊልም ፖስተር ይለጥፋል። ላይብረሪውን ሲከፍቱ «የቤት ቪዲዮና ፎቶ» የሚለውን ዓይነት ይምረጡ፣ ይቀራል። ፍለጋውም ፊደል ይለያል፤ «ፀሐይ» ብለው ያስቀመጡትን «ጸሀይ» ብለው ቢፈልጉ አያገኙትም። አንዱን አጻጻፍ ይዘው ለሁሉም ፋይል ይጠቀሙበት። ቀኑን ደግሞ ስልኩ ፎቶ ላይ ከሚጽፈው ጋር እንዲሄድ በፈረንጅ አቆጣጠር ያስቀድሙ፦ የጥር 2001 ሰርግ «2009-01 ሰርግ» ቢባል በተራው ይሰለፋል።

ሁለተኛው ዲስክ

ሌላ ቤት ይቀመጥ፤ እህት ጋ፣ እናት ጋ። በዓመት አንድ ሁለቴ አምጥተው አዲሱን ይጨምሩበትና ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጤናውን ይዩ። 05 እና ሲ5 የሚሉት ረድፎች (የተበላሹና ለማንበብ ያስቸገሩ ቦታዎችን የሚቆጥሩት) ላይ «ሮው ቫልዩስ» በሚለው ዓምድ ዜሮ መሆን አለበት። ሲ5 ከዜሮ ከፍ ካለ «ሪፔር» የሚል ነገር አይንኩ፤ ዲስኩን ሌላ ሥራ ሳይሰጡት በዚያው ቀን ወደ ሌላ ይገልብጡት፣ ሌላ ቦታ የማይገኙትን የቤተሰብ ቀረጻዎች አስቀድመው።