የድምፅ ሶፍትዌር ባግ መከታተያ፦ ላውንችፓድ፣ ጊትሃብ፣ ሬድማይን ወይስ ጊትላብ?

ሐዋሳ ውስጥ በኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር የሚሠራ ስቱዲዮ ካላችሁ ወይም ለስቱዲዮዎች ኮምፒውተር የምታዩ ከሆነ ችግሩን ታውቁታላችሁ። ክራር እየተቀዳ ድምፁ ይቆራረጣል። ጥፋቱ የማን ነው? የመቅጃ ሶፍትዌሩ የአርዶር? ከሥሩ ሆኖ ድምፁን በሶፍትዌሩና በሳውንድ ካርዱ መካከል የሚያመላልሰው የፓይፕዋየር? የፕለጊኑ? የሊኑክስ ከርነል? ወይስ የሳውንድ ካርዱ? እያንዳንዱን የሚሠሩት ሰዎች ሌላ ናቸው፤ ባግ፣ ማለትም የሶፍትዌር ስህተት፣ የሚይዙበት መዝገባቸውም ሌላ ቦታ ነው።

አርዶር ማንቲስ የሚባለውን መዝገብ ይጠቀማል። የድምፅ ማረሚያው ኦዳሲቲ ቡግዚላ በሚባል መዝገብ ላይ ቆይቶ፣ ሙሴ ግሩፕ በ2021 እ.ኤ.አ. ከተረከበው በኋላ ኮድና ባግ አብረው ወደሚያዙበት ጊትሃብ ሄደ። የሙዚቃ መሥሪያው ኤልኤምኤምኤስና የከበሮ ማሽኑ ሃይድሮጅንም ጊትሃብ ላይ ናቸው። ፓይፕዋየር ግን ፍሪዴስክቶፕ የተባለ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት በሚያስተዳድረው፣ ጊትሃብን በሚመስለው ጊትላብ ላይ ነው። የሚገርመው፣ አርዶርንም፣ የድምፅ ፕሮግራሞችን እርስ በርስ የሚያገናኘውን ጃክንም የጀመረው ፖል ዴቪስ ነው፤ ዛሬ የሁለቱ መዝገብ ለየቅል ነው።

ስለዚህ መከታተያ ስትመርጡ የገጹን ማማር ተዉት። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ አንዱን ችግር ውጭ ካሉት መዝገቦች ሁሉ ጋር ማያያዝ ይቻላል ወይ?

በዚህ መለኪያ ላውንችፓድን የሚያህል የለም። ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ የሚያወጣው ካኖኒካል የሠራው ነው። አንድ ባግ ትከፍታላችሁ፤ ከዚያ ችግሩ የሚነካቸውን ሌሎች ፕሮጀክቶች እዚያው ላይ ትጨምራላችሁ። ውይይቱ አንድ ይሆናል፤ የእያንዳንዱ ፕሮጀክት ሁኔታ ግን ለብቻው ይያዛል። አንዱ ጋ «እኛን አይመለከትም» ተብሎ፣ ሌላው ጋ «ተስተካክሏል» ሊባል ይችላል። ሌላ መዝገብ ላይ ያለ ባግ ካያያዛችሁም ሁኔታውን ራሱ እየሄደ ያያል። የተሠራው ልክ ለእኛ ችግር ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ለምን አልመክረውም? ሰዉ ለቆ ሄዷል። የዲጄዎቹ ሶፍትዌር ሚክስ እንኳ ለዓመታት እዚያ ኖሮ በ2022 ወደ ጊትሃብ ተዛወረ። በዚያ ላይ በነጻ የሚሰጠው ለሕዝብ ክፍት የሆነው ነው። የደንበኛችሁ ያልወጣ ዘፈን ርዕስ ከስህተት መልእክቱ ጋር ተለጥፎ እንዲታይ አትፈልጉም።

ጊትሃብ ላይ ነጻው መለያ ይበቃል። ለራሳችሁ ብቻ የሚታይ ማከማቻ ትከፍታላችሁ፤ ከዚያ «ፕሮጀክትስ» በሚባለው ሰሌዳ ላይ የራሳችሁን ባግ ከኦዳሲቲና ከኤልኤምኤምኤስ ኢሹዎች (ጊትሃብ ላይ ባግ የሚመዘገብባቸው ገጾች) ጋር ጎን ለጎን ትደረድራላችሁ። ሊንኩን መለጠፍ ነው። እዚያ አንድ ኢሹ ሲዘጋ ሰሌዳችሁ ላይም ተዘግቶ ታዩታላችሁ። የአርዶርና የፓይፕዋየር ግን በራሱ አይመጣም። ሊንኩን በጽሑፍ ይዛችሁ፣ ሁኔታውን በእጃችሁ ማደስ አለባችሁ። የሚከፈልበት «ቲም» ጥቅል ለአንድ ሰው በወር 4 ዶላር ነው። ብሩ ባይከብድ እንኳ የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ራስ ምታት ነው። ለዚህ ሥራ ደግሞ አያስፈልጋችሁም።

ሬድማይን ሌላ ዓይነት ነው። ነጻ ነው፤ የሚቀመጠውም ቢሯችሁ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ነው። ኢንተርኔት ቢጠፋ የውስጥ ኔትወርኩ እስካለ ድረስ ይሠራል። መብራት ሲሄድ ያው ዩፒኤስ ነው። ለእያንዳንዱ ስቱዲዮ ፕሮጀክት ትከፍታላችሁ፤ ከሥሩ ንዑስ ፕሮጀክት። አንዱ ስቱዲዮ «ይቆራረጣል»፣ ሌላው «ጭርጭር ይላል» ብሎ የጻፈውን አንድ ላይ ማሰርም ይቻላል፤ ይህን የሚፈቅደውን ምርጫ ከቅንብሩ ክፈቱ። የምወድለት ግን የራስን መስክ መጨመር መቻሉን ነው። የሶፍትዌሩ እትም፣ ሳምፕል ሬት (በሰከንድ የሚወሰደው የድምፅ ናሙና ብዛት)፣ በፈር (በአንዴ የሚሠራው የናሙና ብዛት)፣ ሳውንድ ካርድ፣ የውጭው መዝገብ ሊንክ። እነዚህ ካልተሞሉ ቅጹ አልላክም ይላል። በፈሩ 256፣ ሳምፕል ሬቱ 48,000 ከሆነ ኮምፒውተሩ ሥራውን በ5.3 ሚሊሰከንድ ገደማ መጨረስ አለበት፤ ካልደረሰ ድምፁ ይቆረጣል። ይህን ቁጥር ያልያዘ ሪፖርት ስትልኩ መልሱ ጥያቄ ነው የሚሆነው።

ጉድለቱ አጫጫኑ ነው። ሩቢ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ ስለሆነ ለማያውቀው ልብ ያወልቃል። ዶከር (ሶፍትዌርን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር አሽጎ የሚያስኬድ መሣሪያ) የሚያውቅ ልጅ ካለ ግን ይቀላል። ያ ካልሆነ ማንቲስ አለላችሁ። ፒኤችፒና ማይኤስኪውኤል ያለበት ተራ ሆስቲንግ ይበቃዋል፤ ሥራውም ቀጥተኛ ነው። ባጎችን እርስ በርስ በማያያዝ ግን ከሬድማይን ያንሳል።

ጊትላብን ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ፓይፕዋየር እዚያ ስለሆነ ነው። እኛም ጊትላብ ከጫንን በቀጥታ እንገናኛለን ብለው ያስባሉ። አይደለም። የፍሪዴስክቶፕ ጊትላብ ራሱን የቻለ ነው፤ መለያም ለብቻው ይከፈታል። የእናንተው ላይ ያለ ባግ ከዚያ ጋር የሚገናኘው በተራ ሊንክ ነው። ሶፍትዌሩም ከባድ ነው፤ ጥግ የተቀመጠው አሮጌ ዴስክቶፕ አይሸከመውም። «ይህ ባግ ያኛውን አግዶታል» ብሎ ማያያዝ ደግሞ በሚከፈልበት ፕሪሚየም ብቻ ነው፤ እሱም ለአንድ ሰው በወር 29 ዶላር ነው። ኮድ የምትጽፉ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ለስቱዲዮ አይመከርም።

ቡግዚላ ጠንካራ ነው፤ የሌላ መዝገብ ሊንክ የሚያዝበት መስክም አለው። ግን ዛሬ እንደ አዲስ የምጀምርበት ምክንያት አላገኘሁም።

ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ አንድ ስቱዲዮ የምትይዙ ከሆነ ጊትሃብ። ፒያሳም አቶቴም ታቦርም ለተበተኑ ስቱዲዮዎች የምትሠሩ ከሆነ ሬድማይን። ለፍቼ ጨምበላላ ሰሞን ቀረጻ ሲደራረብ ሁሉም በአንዴ ይደውላል፤ ያኔ የማን ችግር ከማን ጋር አንድ እንደሆነ በቶሎ የሚያሳያችሁ እሱ ነው።

የትኛውንም ብትይዙ ወደ ውጭ የሚልከው አንድ ሰው ይሁን። መጀመሪያ ተመሳሳይ ሪፖርት መኖሩን ይፈልግ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ይጻፍ። አርዶር ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከኡቡንቱ ማከማቻ ለወረደው እትም ሠሪዎቹ ድጋፍ አይሰጡም፤ በራሳቸው እትም ሞክሩት ይላሉ። የእነሱ ሙሉ እትም ይከፈልበታል። ነጻው ማሳያ ግን ድምፅ የሚያቆመው ከ10 ደቂቃ በኋላ ነው፤ ባጉ እዚያም መኖሩን ለማየት ይበቃል።