የሆስፒታሉ ላይብረሪ ከአስታማሚ አይን ሲታይ

እናቴን ይዤ ደሴ አንድ ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን አስታምሜ ነበር፣ ስሙ ይቅር። ላይብረሪ እንዳለው ያወኩት በአምስተኛው ቀን ነው ያውም ሽንት ቤት ስፈልግ 😅 በሩ ላይ "ለሰራተኛና ለተማሪ ብቻ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል፣ ልመለስ ስል ላይብረሪያኗ "አብሽሪ ግቢ" ብላ አስገባችኝ።

ውስጡ ንፁህ ነው፣ ፀጥ ያለ፣ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያም አለው (ዋርድ ውስጥ በሶኬት እኮ ሰው ይጣላል)። ግን መደርደሪያው ሙሉ ወፋፍራም የእንግሊዝኛ የህክምና መፅሐፍ ነው ለኛ ሚሆን አንድም የለም። እናቴ ስኳር አለባት፣ እግሯን በየቀኑ ማየት እንዳለብን፣ ኢንሱሊን ፍሪዘር ውስጥ ገብቶ በረዶ ከሰራ እንደሚበላሽ፣ ፍሪጅ የሌለው የገጠር ሰው ደሞ በሸክላና በእርጥብ አሸዋ አቀዝቅዞ ማቆየት እንደሚችል፣ ይሄን ሁሉ የሰማሁት ከጎናችን ከተኛችው ሴትዮ አስታማሚ ነው በቃ! በአማርኛ በትልልቅ ፊደል አንድ ቅጠል ወረቀት ቢኖር ምን ነበረበት? ከከሚሴ በኩል ለሚመጣው በኦሮምኛ፣ ማንበብ ለማይችለው በስዕል። ለልጆችም ተረት ምናምን፣ ሽፋኑ በአልኮል ሚወለወል ቢሆን ደሞ በሽታ ማዛመቱም ይቀንሳል።

ሌላው ሰዓቱ፣ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ እኛ ደሞ ትንሽ ፋታ ምናገኘው ማታ ጠያቂ ሲመጣ ነው። የደሴ ብርድ ላይ ኮሪደር ጋቢ ተከናንበን ስንቀመጥ ያ ሙቅ ክፍል ተቆልፎ ያድራል።

ከ5 ኮከብ 3፣ አንዷ የላይብረሪያኗ ናት።