«ለሁሉም ዲቪአር ይሆናል» ሲሏችሁ ብር እንዳትከፍሉ

የተበላሸ የደህንነት ካሜራ ልትቀይሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብባችሁ ሂዱ። እኔ 3,800 ብር የከፈልኩበት ካሜራ አንዲት ደቂቃ ምስል ሳያሳየኝ፣ በሱ ሰበብ ሌላ 17,000 ብር ላወጣ ስል ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ሰሚት ትንሽ ሚኒ ማርኬት አለችኝ። ከሰባት ዓመት በፊት ያስገጠምኳቸው አራት ካሜራዎችና አንድ ዲቪአር (የካሜራዎቹን ምስል ተቀብሎ የሚቀዳው መሣሪያ) እስካሁን አላስቸገሩኝም። አንድ ማታ ግን መብራት ሄዶ ሲመለስ ሂሳብ መቀበያው ላይ ያለው ካሜራ ጠፍቶ ቀረ። ሦስቱ ደህና ናቸው። በማግስቱ መገናኛ አካባቢ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ወደ አንዱ ሄድኩ። ሻጩ ዲቪአሬ ምን ዓይነት እንደሆነ እንኳ አልጠየቀኝም። «እህቴ፣ ይሄ ፎር ኢን ዋን ነው፣ ለሁሉም ይሆናል፣ ሰክተሽ ማየት ብቻ ነው» አለኝ። ሳጥኑ ላይም «ፎር ኢን ዋን»፣ አራት በአንድ ማለት ነው፣ ተብሎ በትልቁ ተለጥፏል። እኔም አልጠየቅኩም፣ ጥፋቴን አልክድም። ደረሰኙ ግርጌ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም እንዳለበት ያየሁት ቤት ገብቼ ነው።

ተሰካ። ስክሪኑ ላይ «ቪዲዮ ሎስ» (ምስል አልደረሰም) ከሚል ጽሑፍ በቀር ምንም የለም።

ራሳቸው ሻጮቹ የጠቆሙኝ ባለሙያ መጣ። ገመዱን ነቅሎ ሰካ፣ ዲቪአሩን አጥፍቶ አበራ፣ አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ፍርዱን ሰጠ፦ «ዲቪአሩ አርጅቷል እህቴ፣ መቀየር አለበት። እኔ ጋ አለ፣ በ17,000 ነገ አመጣልሻለሁ።» «ታዲያ ሦስቱ እንዴት ይሠራሉ?» ስለው «እነሱም አይቆዩም» አለኝ። ለመምጫው 1,000 ብር ተቀብሎ ሄደ። ወገኖቼ፣ ዋናው ወጥመድ እዚህ ጋ ነው። የማይስማማ ካሜራ ይሸጡላችኋል፣ አልሠራም ስትሉ ደህናውን ዲቪአር ያስጥሏችኋል።

ያዳነኝ ከላይ ፎቅ የሚኖር ኔትወርክ የሚዘረጋ ልጅ ነው። «እትዬ፣ ብር ከማውጣትሽ በፊት ቆይ» ብሎ ያደረገውን በደንብ እጽፈዋለሁ፣ ማንኛችሁም ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁና።

መጀመሪያ የሚሠራውን የበሩን ካሜራ ገመድ ከዲቪአሩ ነቅሎ፣ ምስል እምቢ ባለው ቻናል፣ ማለትም የዲቪአሩ መሰኪያ፣ ላይ ሰካው። በሩ ቁልጭ ብሎ ታየ። ስለዚህ ቻናሉ ጤነኛ ነው። ቀጥሎ አዲሱን ካሜራ ተሸክሞ በሩ ጋ ሄደና በደህናው ገመድ፣ በደህናው አዳፕተር፣ በደህናው ቻናል ሞከረው። ጨለማ። ስለዚህ ጥፋቱ የገመድም የአዳፕተርም አይደለም። ከዚያ የካሜራውን ፊት በእጁ ጋረደው። በሌንሱ ዙሪያ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ደብዘዝ ብለው ቀሉ፣ የማታ ማያው በራ ማለት ነው። መብራት እየደረሰው ነው። በመጨረሻ ካሜራውን ይዞ ወደ ራሱ ቤት ወጣና እሱ ጋ ካለው አዲስ ዲቪአር ላይ ሰካው። ወዲያው ምስል! ካሜራውም ይሠራል፣ ዲቪአሬም ይሠራል፣ ሁለቱ ግን አይግባቡም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገመዱ አንድ ዓይነት፣ ቢኤንሲ የምንለው ክብ መሰኪያም አንድ ዓይነት ሆኖ በውስጡ የሚሄደው የምስል አላላክ ግን ይለያያል። ሂክቪዥን የሚባለው አምራች በቢኤንሲ ገመድ የሚሠሩ (አናሎግ) ካሜራዎቹ በአብዛኛው ቲቪአይ በሚባለው ይልካሉ። የሌላው አምራች የዳሁዋ ደግሞ በራሱ በሲቪአይ። ኤኤችዲ የሚባል ሦስተኛ አለ፣ የድሮው ደብዛዛ ሲቪቢኤስ አራተኛ ነው። አዳዲስ ዲቪአሮች አብዛኞቹ ሁሉንም ራሳቸው ለይተው ይቀበላሉ፣ የድሮዎቹ ግን ከአንዱ ዓይነትና ከሲቪቢኤስ ውጭ አያውቁም። የኔው ዲቪአር የሲቪአይ ነው። እውነተኛ ፎር ኢን ዋን ካሜራ አራቱንም ስለሚችል ብዙ ጊዜ ገመዱ ጫፍ ላይ ወይም ሆዱ ውስጥ ትንሽ ቁልፍ አለው። ተጭኖ አምስት ሰከንድ ያህል ሲይዙት ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀየራል። ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ቁልፉ ካለ፣ ካሜራው ተበላሸ ከማለታችሁ በፊት እሱን ሞክሩ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ብቻ ነው።

የኔው ካሜራ ቁልፍ የለውም። ሆዱ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ በስልክ ካሜራ አጉልተን ስናነብ የምትለው ቲቪአይ ብቻ ነው። የሳጥኑን ተለጣፊ ጫፉን ገለጥ ስናደርገው ከስሩ የታተመውም ያው ነው። «ፎር ኢን ዋን» የሚለውን ማን እንደለጠፈው እናንተ ገምቱ።

ሜጋፒክስሉንም እዩ። ዓይነቱ ቢገጥም እንኳ ባለ 5 ሜጋፒክስል ካሜራ 2 ሜጋፒክስል ብቻ ከሚቀበል ዲቪአር ጋር ምስል ላያመጣ ይችላል። አዳፕተሩም 12 ቮልት ስላለ ብቻ አትመኑት፣ አምፔሩ ካነሰ ቀን እየሠራ ማታ መብራቶቹ ሲበሩ ይጠፋል። ኤንቪአር (የኔትወርክ ካሜራዎችን ምስል የሚቀዳው) ያላችሁ ደግሞ ጉዳያችሁ ሌላ ነው፦ አዲሱ የኔትወርክ ካሜራ መጀመሪያ የይለፍ ቃል ካልተሰጠው፣ አይፒ አድራሻው (በኔትወርኩ ላይ ያለው መለያ ቁጥር) ከሌላ ዕቃ ጋር ከተጋጨ ወይም ምስሉን ኤች 265 በሚባለው የማመቂያ ዘዴ እየላከ ኤንቪአሩ የሚያውቀው የቀድሞውን ኤች 264 ብቻ ከሆነ ምስል አታገኙም። እነዚህ በማስተካከያ የሚፈቱ ስለሆኑ ለነሱ ብላችሁ አዲስ ዕቃ አትግዙ።

ወደ ሱቁ ስመለስ የሁለቱንም ዲቪአር ሙከራ በስልኬ ቀርጬ ነው የሄድኩት። ሻጩ የልጁን ቤት ቪዲዮ አይቶ ሳቀ። «ይሠራል እኮ! ችግሩ ያንቺ ዲቪአር ነው።» ይሠራል ወይ ብዬ አልጠየቅኩህም፣ ሳጥኑ ላይ የለጠፋችሁትና ውስጡ ያለው ለምን ተለያየ ነው የምልህ አልኩት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ስነግረው ሳቁን አቆመ። ግን ደረሰኝ ባይኖረኝ ማን ይሰማኝ ነበር? ደረሰኙ ላይ የካሜራው ሞዴል ሳይጻፍ «ካሜራ 1» ብቻ ከተባለም ክርክሩ ይከብዳል፣ ስለዚህ ሞዴሉን በሙሉ አስጽፉ።

ከመሄዳችሁ በፊት የዲቪአራችሁን ሆድ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሡ። ከቻላችሁ ዲቪአሩን ራሱን በፌስታል ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰክተው ምስሉን ካላሳዩአችሁ ብር አትክፈሉ። እኔ ሌላ ሱቅ ሄጄ እንደዚያ ነው ያደረግኩት። ቁልፍ ያለው እውነተኛ ፎር ኢን ዋን ገጥሞልኝ ወጣሁ፣ አሁን ሂሳብ መቀበያዬ ይታያል።

የመጀመሪያው ሱቅ ሰዎች 500 ብር ቆርጠው 3,300 መለሱልኝ። ደክሞኝ ስለነበር ተቀበልኩ። ሳጥኑን ግን ጫፉ የተገለጠውን ተለጣፊ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አድርገው መደርደሪያው ላይ ሲመልሱት በዓይኔ አይቻለሁ።